በእምነት የተያዘች ሞተር

ዲላ ከተማ ከሆነች ወዲህ እንደነዚያ ሁለት ሞተሮች ያለ ነገር አስፋልቷን ረግጦ አያውቅም። ደላላው አብዱልአዚዝ ግቢውን ከፍቶ ሲያስነሳቸው የወናጎ ዶሮዎች ለሳምንት እንቁላል መጣል አቆሙ፤ ከዚያም ርቃ ኢዲዶ መንደር ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ነጎድጓድ መስሏቸው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናቸውን ሸራ አለበሱት። ሁለቱም የጃፓን ሥራ፣ ሁለቱም የአንድ ዓመት ምርት፣ ሁለቱም ነጂያቸውን አገጩ መሪው ላይ እስኪደርስ የሚያስጎነብሱ የእሽቅድምድም ሞተሮች። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ። ዋጋቸው እንኳ አንድ።

ይርጉን ሊገድለው የደረሰው ይኸው መመሳሰላቸው ነበር።

ይርጉ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ወናጎ ወረዳ ቢሮ ይሠራል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዲላ በሚኒባስ ተመላልሷል። ያ ሁሉ መንገድ እርስ በርሱ ቢቀጠል ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል፤ ያውም የሰው ጆንያ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ። ዘንድሮ ያባቱ ቡና ዋጋ ሲያወጣለት፣ «ከእንግዲህ አስፋልቱን እንደ ሰው እሄድበታለሁ» ብሎ ማለ።

መካኒኩን አብዲሳን ይዞ ሄደ። አብዲሳ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አሸተተ፣ ፍሪሲዮኑን ጨበጠ ለቀቀ፣ ሁለቱንም እስከ መናኸሪያ ነድቶ መለሰ።

«ጋሽ ይርጉ፣ መንታ ናቸው» አለ እጁን እየጠረገ። «ቀይዋ አንዴ በግራ ጎኗ ወድቃ ተቀብታለች፤ የኋላ ጎማዋ ግን አዲስ ነው። ነጯ ወድቃ አታውቅም፤ ግን ብዙ ሄዳለች፣ ሰንሰለቷም ደክሟል። ለአስፋልት ሁለቱም ይሆኑሃል።»

«አንተ ብትሆን የቷን ትወስዳለህ?»

«ቤንዚን የሚሞላልኝ ካገኘሁ ሁለቱንም።»

ይርጉ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ… በፍቃዱ ቢሆንስ የቷን ይወስዳል?»

በፍቃዱ ማለት መምህሩ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት የተማረው፣ የአጥር ጎረቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ከጎኑ የሚቆመው። ቁመቱ ለስልክ እንጨት ሁለት ጣት ቢጎድለው ነው። ይርጉ አጥሩን በቆርቆሮ ሲያጥር እሱ በግንብ አጠረ፤ የይርጉ ሚስት አንድ ስትወልድ የእሱ ሚስት መንታ ወለደች። ባለፈው ፋሲካ ደግሞ ይርጉ ሦስት ወር ጉሮሮውን በማር ሲያለሰልስ የከረመበትን መዝሙር ብቻውን እንዲዘምር የተመረጠው በፍቃዱ ሆነ። በፍቃዱ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆንማ ይርጉ እንዴት በተገላገለ!

አብዱልአዚዝ ከበረንዳው ሆኖ ጥያቄውን ሰማ። ደላላ አይደል፣ ቅናት ከሦስት ሰፈር ይሸተዋል። «ወንድም በፍቃዱማ ትናንት መጥቶ ነበር። ሁለቱም ላይ ተቀመጠ። ነጯ ላይ ግን፣ ወላሂ፣ ትንሽ ቆየ።»

በቃ። ይርጉ ዓይን ውስጥ ነጯ እንደ ሙሽራ በራች።

ችግሩ የቡናው ገንዘብ ማክሰኞ ነው እጁ የሚገባው፤ ቀኑ ደግሞ ገና ቅዳሜ። አብዱልአዚዝ «ለቀደመ ነው» ብሏል። ይርጉ ቤቱ ገብቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ፣ እሑድ ጠዋት ከናፖሊዮን የጦር ስልት የረቀቀ ዘዴ ይዞ ብቅ አለ።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ከመዘምራኑ መካከል ወጥቶ ማይክሮፎኑን ጨበጠ።

«ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ስሙ ይባረክ! ሃያ ዓመት በሚኒባስ ተሰቃየሁ። ዛሬ ግን አብዱልአዚዝ ግቢ የቆመችውን ሞተር በእምነት ተቀብያለሁ! ነጯን!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው። እንዲህ ያለ አሜን ተሰምቶ አያውቅም፤ ጣሪያው አንድ ክንድ ተነሥቶ ተመለሰ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ ሽማግሌ ብቻ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ «ቀለሟንም ጠቀሰ እኮ» አሉ።

ከአሁን በኋላ በፍቃዱ ነጯን ቢገዛ ወንድሙ በእምነት የተቀበለውን የነጠቀ ሊባል ነው። ይርጉ ወደ ቦታው ሲመለስ በፍቃዱ እጁን ጨብጦ፣ «ተባረክ ወንድሜ» አለው። ፊቱ ግን ትንሽ ገረጣ። ይርጉ ያንን መገርጣት እንደ ከረሜላ እየመጠጠ ወደ ቤቱ አመራ።

ሚስቱ እታገኝ በር ላይ ሲደርሱ ጠየቀችው።

«የማርቲ አባት፣ እውነት ጌታ ነጯን ነው ያለህ?»

«በመንፈሴ ነጭ ነገር አየሁ።»

«የአብዱልአዚዝ ቆብ ይሆናላ!»

ሰኞ ዕለት በፍቃዱ ቀይዋን ገዛ።

ይርጉ አጥሩ ሥር ቆሞ ሳለ አየው። ቀይዋ ዘንዶ እንደሚተፋው እሳት ሆና በመንደሩ አለፈች። በፍቃዱ ያ ሁሉ ቁመቱ እንደ ቀስት ተለምጦ ላይዋ ተኝቷል፤ ሸሚዙ ከኋላው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፤ የባጃጅ ነጂዎች ጥግ ይዘው ይጠብቁታል። አንዲት አሮጊት እንኳ የተሸከሙትን ሙዝ አውርደው ሳቁለት። ተቀብቷል የተባለው ጎኗ? ያ ቀለም ከሌላው ጎን ይልቅ ያበራል! ይርጉ ወደ ቤት ገባ። የቀረበለትን ቆጮ ገፋው።

«ምነው?» አለች እታገኝ።

«ቀይዋ ነበረች።»

«ምኗ?»

«የኔዋ።»

«ታዲያ ሂድና ለጉባኤው ንገራቸዋ! ጌታ ሐሳቡን ለወጠ በላቸው!»

ምን ይበል? ሦስት መቶ ሰው አሜን ብሎበታል። ማክሰኞ ጠዋት እግሩን እየጎተተ ሄዶ ነጯን ወሰደ። ወደ ወናጎ አቅጣጫ ለቀቃት። ነገሩን ልብ ያለው ያኔ ነው፤ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ሞተሩን አያያትም። ይርጉ የሚያየው ፍጥነት መቁጠሪያውን፣ መስታወቱ ውስጥ የጆሮውን ግማሽ፣ ከሥሩ ደግሞ የገዛ ቦርጩን ብቻ ነበር። ሰንሰለቱ ይንሿሿል። አስፋልቱ ዳር ያለው እንሰትና ቡና ሁሉ ቆሞ፣ «ቀይዋን ማን ወሰዳት?» የሚለው መሰለው።

ወናጎ ሲገባ አንድ ጁስ ቤት በር ላይ ቀይዋ ቆማ አገኛት። በፍቃዱ አጠገቧ ቆሟል፤ የጠዋት ክፍለ ጊዜውን ጨርሶ ሊያገኘው መምጣቱ ነው።

«ወንድም ይርጉ፣ ኃጢአቴን ልንገርህ» አለ ሄልሜቱን ደረቱ ላይ አቅፎ። «ከልቤ የፈለግሁት ነጯን ነበር። ዓርብ አይቼአት፣ ሰኞ ልገዛት ቆርጬ ነበር። አንተ እሑድ መሰከርክ። እሺ ብዬ ቀይዋን ገዛሁ፤ ግን ትናንት ሙሉ ቀን ስነዳ ያንተዋን ነበር የማስበው። ቀንቼብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ይርጉ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠብቀው ቃል ነው፤ ቢያዜሙለት እንደዚህ አይጥመውም ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ በግድ።

«ሊብሬው ገና በስማችን አልዞረም። ከፈቀድክ እንለዋወጥ? አንተ ቀይዋን ያዝ። አዲስ ጎማ አላት።»

ቀይዋ እዚያው ቆማለች፤ ፀሐይን ሰርቃ ራሷ ላይ የለጠፈች ይመስል ታበራለች። እጁን ዘርግቶ ቁልፉን መቀበል ብቻ ነበር የቀረው። ግን የበፍቃዱ ዓይን ነጯ ላይ ነው። እንዴት ያለ ዓይን! ይርጉ ያንን ዓይን ተከትሎ ቢያይ፣ የገዛ ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ወገቧ፣ አንገቷ፣ ወድቃ የማታውቅ ጎኗ። የሚንሿሿ ሰንሰለቷ ራሱ የአንገት ሐብል መሰለው።

«ወንድም በፍቃዱ» አለ እጁን ትከሻው ላይ ለማድረስ እየተንጠራራ፣ «ለኔ ቢሆን ዛሬውኑ። ግን ጉባኤው አሜን ብሏል።»

በፍቃዱ አንገቱን ነቀነቀ። «እውነትህን ነው። እንዴት ደፍሬ ጠየቅሁህ!» ሄልሜቱን አጠለቀ፤ ወደ ነጯ አንድ የመጨረሻ እይታ ላከና ቀይዋን አስነሣ።

ይርጉም ቢሮውን ረስቶ አብሮት ተነሣ። ከፊት ከፊቱ ቀስ ብሎ ነዳ፤ በፍቃዱ ከኋላ ሆኖ በደንብ እንዲያያትና በደንብ እንዲንገበገብ። ከተማውን እስኪወጡ በሕይወቱ እንዲህ አምሮ አያውቅም። የቆመ ሁሉ የሚያየው እሱን፣ ሚኒባሱ የሚያፏጨው ለእሱ ነበር።

ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ በፍቃዱ ማርሽ ቀየረና አለፈው።

አለፈው ብቻ ሳይሆን ቀይዋ በእንሰቱ መካከል ቀልታ እንደ ፍም ተወነጨፈች። ያ ሸሚዝ ተውለበለበ፤ ያ የተቀባ ጎን አበራ፤ ድምፁ የይርጉን ደረት መታው። ከኋላ ሲያዩዋት! ማንስ ከኋላዋ አሳይቶት ያውቃል?

«ወንድም በፍቃዱ!» ጮኸ ይርጉ። «ቆይ እስቲ! ጉባኤውን እኔ አናግራለሁ!»

ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። በፍቃዱ ዞር ብሎ አየው፤ እሽቅድምድም የተጋበዘ መስሎት እጁን በደስታ አወዛወዘና፣ ቤንዚኑን ሰጣት።