ከመስኮቱ አንድ ስንዝር

«መቼ ነው የሚወርደው?» አለች ዡዡና፣ ወደ ላማራ ጆሮ ጎንበስ ብላ።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አክስቴ።»

«አባትሽን አላልኩሽም። ክፍሉን ነው የምልሽ።»

ላማራ ቀና ብላ አየቻት። አባቷ ቦንዶ ቤቱ መሀል በሣጥን ተጋድሟል፤ ክዳኑ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ቀን ነበር። የሚመጣው ሰው ሁሉ ሬሳውን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ የላማራን እጅ ጨብጦ ይወጣል። ጎረቤቷ ዡዡና ግን አልዞረችም።

«የቱን ክፍል?»

«ስንት ክፍል አላችሁ? ወንድምሽ አልነገረሽም እንዴ?»

ወንድሟ ጋዮዝ ከወንዶቹ ጋር ደረጃው ላይ ቆሞ ያጨስ ነበር። ላማራ እጅጌውን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ምን ብለህ ነው ቃል የገባህላት?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። አባባ ያስማለሽን ረሳሽው?»

አልረሳችም። የደረጃው መታጠፊያ ጠባብ ስለሆነ፣ በላይኞቹ ፎቆች የሚሞት ሰው ሁሉ ከነሣጥኑ ቆሞ ነው የሚወርደው። ቦንዶ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሲስቅ ኖሯል። የጎረቤት ሬሳ በበሩ ሲያልፍ «ሰላም በሉት እንጂ፣ በእግሩ እየሄደ ነው» ይል ነበር። በመጨረሻው ወር ግን ሳቁን ተወ። የላማራን እጅ ይዞ «እኔን እንደ ቁም ሣጥን እንዳታወርዱኝ። ማይልኝ» አላት። ማለችለት።

የዡዡና ቤት ከነሱ ጋር በግድግዳ ቢዋሰንም በሌላ መግቢያ ነው፤ የዚያኛው ደረጃ ሰፊ ነው። ሣጥኑን ሳያቆሙ ለማውረድ ከዡዡና መስኮት ፊት የተሠራውን የላማራን ክፍል ግድግዳ ማፍረስ፣ በዡዡና መስኮት ማሳለፍ፣ በሷ በር ማውጣት ያስፈልጋል።

«እሺ ብላለች» አለ ጋዮዝ። «ግን ከቀብር በኋላ ክፍሉ ከነብረቱ ይፍረስልኝ ነው የምትለው።»

«እኔስ የት ልተኛ?»

«ወጥ ቤት። ብቻሽን አይደለሽ? እኛ ትልቁ ክፍል ውስጥ አምስት ነን።»

ከተማቸው ትብሊሲ መብራት ባጣችባቸው ዓመታት፣ ብረትና ጡብ ያገኘ ሁሉ ከፎቁ ውጭ ክፍል ያንጠለጥል ነበር። ቦንዶም ከአራተኛው ፎቅ አንድ ክፍል አወጣ። የእሱ ግን ወደ ፊት ወጥቶ አልቆመም፤ ወደ ግራ ታጥፎ የዡዡና መስኮት ፊት ደረሰ። ላማራ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ጡብ ታቀብለው ነበር። ዡዡና መስኮቱን ከፍታ ለመነችው። ከኋላዋ የታመመው ባሏ ተኝቷል።

«እባክህ ቦንዶ፣ ስንዝር እንኳ ተውልኝ።»

ቦንዶ ጣቶቹን ዘርግቶ ከመስኮቱ አንድ ስንዝር ለካ። በእርሳስ ምልክት አደረገ። «የኔ ስንዝር ከሰው ይበልጣል፤ ተጠቅመሻል» አላትና ጡቡን እዚያው ደረደረው።

ባልየው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጡብ እያየ ኖረ። ሳሉ እስከ ላማራ አልጋ ድረስ ይሰማል። እንቅልፍ አጣሁ ስትለው አባቷ «ግድግዳውን ምቺው፣ ዝም ይላል» አላት። በጫማዋ መታችው። ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ በሳለ ቁጥር ትመታ ነበር። ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

በቀብሩ ቀን ጠዋት ላማራ ዡዡና ቤት ሄደች።

«አክስቴ፣ ይሄን አንዱን ግድግዳ ብቻ እናንሳልሽ። ብርሃን ይግባልሽ።»

«ብርሃን ምን ያደርግልኛል? ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ፈዟል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ሲፈርስ መስማት።»

ዡዡና አልጋው ላይ ተቀምጣ የአንሶላውን ጫፍ አስተካከለች።

«ባሌ ሲስል ግድግዳውን ማን ነበር የሚመታው?»

«አባባ» አለች ላማራ።

«አባትሽ እጁ ከባድ ነበር። ያ የልጅ ምት ነው፣ ልጄ።»

ላማራ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ስድስት ወንዶች መጡ። አንደኛው መዶሻ ይዞ ወደ ክፍሉ ሲያመራ ላማራ ቀደመችው። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«በደረጃው ውሰዱት» አለች።

«ምለሽለታል እኮ» አለ ጋዮዝ። ፊቱ ቀልቷል።

«አዎ፣ ምዬለታለሁ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ላማራ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። አባቷ ሲቆም እንዳይንሸራተት ደረቱን ከሣጥኑ ጋር በአንሶላ አሰረችው። ትራሱን ከራሱ ሥር ቀስ አድርጋ ሳበችና ከእግሩ ሥር ወሸቀችለት።

ክዳኑ በምስማር ተመታ። እንደ ወጉ ሣጥኑን ከቤቱ በር ጋር ሦስት ጊዜ አጋጩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቦንዶን አቆሙት፤ እስከ ታች ድረስ ቆሞ ወረደ።