ቀዳሚዋ ትገርፋለች

የሩጫ አሰልጣኙ የጋሼ ደርበው ሕግ አንዲት ብቻ ናት፤ አቀበቱን ቀድማ የወጣች የመጨረሻዋን ልጅ ባት በልምጭ ትገርፋለች። እሱ ራሱ አይመታም። ወታደር ቤት እንዲህ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት ይላል፤ ሰው መሆኑን ያየለት ግን የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ከመቱ ከተማ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ጉሙ የቡና ዛፎቹን ውጧቸው ነበር። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሦስት ልጃገረዶች ከአቀበቱ ሥር ቆመው እጃቸውን ያፍተለትላሉ፤ ሀያት፣ ታናሽ እህቷ ሳሊሐ እና ከያዮ የመጣችው ዱሬቲ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ሯጭ ላክልን ብሎት ጋሼ ደርበው የሚልካትን ዛሬ ይመርጣል። ሀያት እሷ እንደምትሆን ታውቃለች፤ ዓመቱን ሙሉ የቀደማት የለም። እናቷ ስንቄ፣ ሻንጣ ሳይቀር ከጎረቤት ተውሳ አስቀምጣላታለች።

የመሮጫ ጫማ የነበራትም ሀያት ናት። የስንቄ አቅም ለአንድ ጫማ ብቻ ነበርና «የሳሊሐ እግር ገና ያድጋል» ብላ ለታላቋ ገዛች። ሳሊሐ በላስቲክ ኮንጎ ትሮጣለች።

የመጀመሪያውን ዙር ሀያት ቀደመች፣ ሳሊሐ መጨረሻ ወጣች። ሀያት ልምጩን ተቀበለችና ዝንብ እሽ እንደሚል ሰው የእህቷን ባት ነካ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጋሼ ደርበው። «እህትሽ ስለሆነች ነው? ነይ ላሳይሽ!»

ልምጩን ነጠቃት። ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ መታ። ሳሊሐ በጉልበቷ ወደቀች።

«ሁለተኛ ብታዝኚላት የምመታት እኔ ነኝ። ምረጪ።»

በሁለተኛውም ዙር ሀያት ቀደመች፣ ሳሊሐም ኋላ ቀረች። ከእሱ እጅ የእኔ ይሻላታል ብላ ሀያት ጥርሷን ነክሳ ሰነዘረች። ቆዳው ተተረተረ፣ ደሙ ወደ ኮንጎው ወረደ። ሳሊሐ አልጮኸችም፤ እህቷን ትክ ብላ አየቻት እንጂ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሀያት ቁልቁለቱን ሳትጨርስ ረስታው ነበር።

«አመመሽ እንዴ?» አለቻት ስታነክስ አይታ።

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ጫማ አለሽ።»

«ጫማው ደግሞ ምን አገባው?»

ሳሊሐ ቀድማት ወረደች።

ጋሼ ደርበው ከላይ ጮኸ፤ «ይሄ የመጨረሻው ነው! ክለብ የምትሄደው አሁን የቀደመች ናት! ያለፈው አይቆጠርም!»

ተነሡ። ሀያት እስከ አቀበቱ ወገብ ፊት ነበረች። ዘወር ስትል የሳሊሐ ባት ደም በደም ሆኗል። እንደገና ልመታት ነው? ክለቡ፣ ሻንጣው፣ የእናቷ ደስታ፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ይቅርብኝ አለች፤ እያቃጠላት፣ እያንገበገባት፣ እርምጃዋን ቀነሰች።

ዱሬቲ አለፈቻት። ቀጥሎ ሳሊሐ እንደ ተቆጣ ወይፈን እየተነፈሰች አለፈች። ዱሬቲ ላይ ስትደርስ በክርኗ ጎኗን ብላ ቦዩ ውስጥ ጣለቻት። የዱሬቲ ግንባር ከድንጋይ ተጋጨ። ሀያት ቆማ አነሣቻትና «ቅደሚኝ» ብላ ከጀርባዋ ገፋቻት። ዱሬቲ እንዳትገረፍ የመጨረሻዋ እራሷ መሆን ነበረባት።

አናቱ ላይ ሳሊሐ ልምጩን ይዛ ትጠብቃለች። ሀያት ፈገግ ብላ ባቷን ሰጠቻት። እሷም ዝንብ እሽ እንደሚል ሰው ነው የምትነካኝ ብላ አስባ ነበር።

የመጀመሪያው ምት መሬት ላይ ዘረጋት። ሁለተኛው ጀርባዋን አገኘው። ፊቷን ስትሸፍን ጣቶቿ ተላጡ።

«ዲሲ! ሳሊሐ፣ ዲሲ! ተያት፣ ትገድያታለሽ!» አለች ዱሬቲ ግንባሯን ይዛ።

ጋሼ ደርበው መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ «በቃ» አለ። የሰማው የለም። ልምጩ ተሰበረ፣ ሳሊሐ በስባሪው ቀጠለች።

«እግሬ አድጎ ከጨረሰ ቆየ!» ትላለች እየመታች። «ያድጋል፣ ያድጋል! አንዳችሁ አይታችሁልኛል? አንዳችሁ ለክታችሁኛል?»

ጉልበቷ ሲያልቅ ስባሪውን ጣለች።

«ይቺ ናት ሯጭ!» አለ ጋሼ ደርበው፣ ለክለቡ ሊደውል ስልኩን እያወጣ። እግዜር ይይለት፤ ደስ ብሎታል።

ሀያት ቀና ብላ ተቀመጠች። በሚደማው ጣቷ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ አንዱንም፣ ሌላውንም። በባዶ እግሯ ብርዱ ላይ ተንበርክካ የእህቷን ኮንጎ አወለቀች። ሳሊሐ አልከለከለቻትም፤ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ሀያት ጫማውን አጠለቀችላት፣ ተረከዙንም በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ለካችው።

ልኳ ነበር።