አጥንት ያልነካ መርፌ

በዚያ ረፋድ የታችኛው ቀኝ መንጋጋ የመጨረሻ ጥርስ እንዲነቀል ተወሰነ። ይግባኝ የለውም፤ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተቦርቡሯል። ሐኪሙ ውሳኔውን ለባለጥርሷ ያስታወቀው ፊቷን ዛሬ ገና እንዳየ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ነው።

ተማሪ ሳለ ሊያገባት ጠይቆ ነበር። እናትየዋ የሰው አፍ ሲጎረጉር ለሚውል ልጅ እንደማይድሩ ነግረው በሩን ዘጉበት። አሁን ጥግ ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠው፣ «ዶክተር፣ እጅዎ ይቅለላት» ይሉታል። እሱም «ይቅለላት እማማ» ይላል። ሰዎች ለምን አላገባህም ሲሉት ሥራ በዛብኝ የሚል መልስ አለው። እሷም አላገባችም አሉ። እዚህ ክሊኒክ ለምን እንደመጣች ነርሷ ስትጠይቃት ለቤት ስለሚቀርብ ብላለች። ሌላ መልስ ቢኖራት ምን ነበረበት?

አፏን ከፈተች። መርፌው አጥንት ሳይነካ ማደንዘዣ አይገፋም፤ ካልነካ ወደ ኋላ ዘልቋልና መልሰህ ሳበው። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ሲያስተምር ኖሯል። ነገር ግን መርፌ ያየ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን፣ እሷ ቀና ብላ አየችው። መርፌው ደም ሥር አለመውጋቱን ጥቂት ስቦ አረጋገጠ፤ አጥንቱን መንካቱን ግን ሳያጣራ መድኃኒቱን ገፋው።

ጥቂት ቆይቶ ከንፈርሽ ደነዘዘ ወይ አላት። ገና ነው ልትለው ፈገግ ስትል ፈገግታው በግራ በኩል ብቻ ወጣ። ቀኝ ጉንጯ ወርዷል። ጨፍኚ ሲላት ቀኝ ዓይኗ ነጩን ብቻ አሳይቶ እንደተገለጠ ቀረ።

ወዲያው ገባው። መድኃኒቱ ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ ገብቶ ፊት የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ይዞታል። በጥቂት ሰዓት ይለቅሻል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጥርሱም ለዛሬ ይቆይ አላት። ዓይኗ እንዳይደርቅ ቆቡን በጣቱ ዝቅ አድርጎ ያዘና ነርሷን ፕላስተር እንድታመጣ ላካት። ስንት ዓመት በሐሳቡ ሲነካው የኖረው ቆብ በጓንቱ ውስጥ ሞቀው። ለሕክምና ነው፣ አለ ለራሱ። ራሱ ግን አላመነውም።

እናትየዋ ተነስተው መጡ። የልጃቸውን ፊት አዩ። ቦርሳው ከእጃቸው ወደቀ።

«ቀጮ» አሉት። በዚያ ስም ከተማሪ ቤት ወዲህ ማንም አልጠራውም። «ምን አደረግካት? ስንቱን የጥርስ ሐኪም ቤት አሳልፋ ከተማውን በሙሉ አቋርጣ ያመጣችኝ፣ እሱ ካልነቀለው አፌ ውስጥ ይበስብስ ያለችው፣ ለዚህ ነው?»

ነርሷ ፕላስተሩን እንደያዘች በር ላይ ቆመች። የባለጥርሷ የማይንቀሳቀሰው ጉንጭ ሳይቀር ቀላ። ሐኪሙ ፕላስተሩን አልጠየቀም፤ ጣቱንም አላነሳም። መከደን የሚችለውን ግራ ዓይኗን እሷው ቀስ ብላ ከደነችው።