እደር የተባለው ድስት

«ብዪ እንጂ፤ ለቅሶም ጉልበት ይፈልጋል» አሉ እትዬ በሰለች፣ ያመጡትን ምስር ወጥ ከትልቁ ብረት ድስት እየጨለፉ።

ወለተሐና ጎረሰች። የአባቷ የጋሽ ወልደጻድቅ ሣልስት ነገ ነው። ለቀስተኛው የተጠለለው በውሰት ሸራ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሸራ አይፈራም። የእድሩ ድንኳን አልመጣ፣ ጥሩምባ አልተነፋ። ሟቹ ከስድስት ዓመት በፊት የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ሳሉ «ትልቁን ድስት ሰረቁ» ተብለው ተሰርዘዋል። የፈረዱባቸው ዳኛ የእትዬ በሰለች ባል፣ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው። እሳቸውም ጥግ ይዘው ምስሩን ያወድሳሉ። ነገ ሸራው ሲነሳ ሰው ይበተናል፤ አባቷም «ድስት ሌባው» እንደተባሉ ይቀራሉ።

ወጡ አለቀ። «የሰው ዕቃ ከነሥሩ ታጥቦ ነው የሚመለስ» ይሉ ነበር አባቷ። ጓሮ ወስዳ ጥቀርሻውን በአመድ ስትፈትገው ፊደል ብቅ አለ፦ «የሥላሴ እደር»።

አባቷ ያንን በምስማር ሲጽፉ አጠገባቸው ነበረች። «አባዬ፣ እድር ነው የሚባለው፤ እደር አልከው እኮ» ብላ ስትስቅባቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «ግድ የለም፣ ድስት ማንበብ አይችልም» ነበር ያሏት።

ድስቱን ወስዳ ዳኛው እግር ሥር ደፋችው። «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

«የሥላሴ እደር» ብለው አነበቡ። እትዬ በሰለች ወደ ባላቸው ዞረው፣ «ይሄማ ለልጃችን ሠርግ አንተው ተሸክመህ ያመጣኸው አይደል? የእህትህ መስሎኝ ስሠራበት ኖርኩ» አሉ።

«አባዬ ተሳስቶ ነበር» አለች ወለተሐና። «ድስቱ ማንበብ ይችላል። እደር ቢለው ስድስት ዓመት አደረ።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን እንካስሽ፣ ልጄ?»

«ጥሩምባ ይነፋልኝ።»

«ከተቀበሩ በኋላ?»

«እንደ ደንቡ።»

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ጥሩምባ ነፊው እሱባለው ሰፈሩን ዞረ፤ ሰው ጋቢውን እየተከናነበ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«ጋሽ ወልደጻድቅ።»

«እሳቸውማ ከትናንት ወዲያ ሞተው የለም እንዴ?»

እሱባለው ጥሩምባውን ከከንፈሩ አላቀቀ። «ያን ቀን የሞተው ሌባው ነው። እሳቸው ገና ዛሬ መሞታቸው ነው።»

ዞሮ ሲያበቃ ድስቱን ሊረከብ መጣ። «ፊደሉን በምስማር ላርመው?» አላት።

«ተወው፤ እደር ይበል» አለች ወለተሐና። ከ«ደ» እግር ላይ የቀረችውን ጥቀርሻ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።