ጊዮርጊስ የሚታይበት መስኮት

ዘይኑዲንን ላለማግኘት በሌላ መንገድ እየዞርኩ ነበር ሥራ የምገባው።

ዘይኑዲን ደላላ ነው። እሪ በከንቱ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሁላችንም ተበተንን። እሱ ግን ፒያሳን አልለቀቀም፤ ካፌ በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ይውላል። እኔና እማዬ ደግሞ ገና እየተሠራ ካለ ፎቅ ላይ ቤት ልንገዛ ነው። ሻጩ ኤርሚ ገና ስንተዋወቅ፣ «ደላላ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ በቀጥታ ከኛ ብትገዢ ይሻልሻል» አለኝ። አመንኩት። አዲስ ቤት፣ ሻጩ ቢሮው ቁጭ ብሎ እያለ፣ ደላላ ምን ይሠራልኛል?

እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ጉልበቷ እንቢ ካላት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቅቷታል። «ጊዮርጊስን በመስኮት ልሳለመው፣ ሌላው ያንቺ ጉዳይ ነው» ብላኛለች። ኤርሚ ካሳየኝ ቤት ጉልላቱ ፊት ለፊት ይታያል። አለቀ።

የፊርማው ቀን ኤርሚ ቢሮ ቀድሜ ገባሁ። እማዬ ታክሲ ይዛ ትመጣለች ተባብለናል። በሩ ሲከፈት የዘይኑዲንን ክንድ ይዛ ገባች።

«አንተ!»

«አቤት፣ የኔ ሯጭ። እኔን ስታዪ መንገድ ስትሻገሪ የማላይሽ መስሎሻል?»

«እኔ ነኝ የደወልኩለት» አለች እማዬ። «ዘይኑ ሳያየው አልገዛም።»

ዘይኑዲን ፕላኑ ላይ ጎንበስ አለ። «የትኛው ነው?»

ኤርሚ ሳይወድ በጣቱ አሳየው።

«ይሄማ ብሎክ ሁለት የሚጋርደው ነው።»

«የምን ብሎክ ሁለት?» አልኩ።

«ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ሊቆም ነው። እኔ ራሴ ገዢ አምጥቼበታለሁ። እትዬ ወርቄ፣ የሚሳለሙት ጊዮርጊስን አይደለም፣ የጎረቤት ካልሲ ነው።»

እማዬ ሳቀች። እኔ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«እውነቱን ነው?» አልኩት ኤርሚን።

«አልጠየቅሽኝም እኮ።»

«የማዕዘኑን ስጣቸው» አለ ዘይኑዲን። «ከፊቱ መንገድ ነው፣ ማንም አይጋርደውም።»

«ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

ኤርሚ ስም ፈልጎ አጣ። የማዕዘኑ በዚያው ዋጋ ለኛ ሆነ።

«ያንተስ ኮሚሽን?» አልኩት ዘይኑዲንን።

«የሚከፍለኝ ኩባንያው ነው። ካንቺ ምንም አልፈልግም።»

«አይከፈልህም» አለ ኤርሚ። «ገዢን መጀመሪያ ላመጣ ነው የሚከፈለው። እሷ ብቻዋን ነው የመጣችው፣ ተመዝግባለች።»

እማዬ ወንበሯን ሳበች። «ልጄ፣ ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በእርስዎ።»

«እኔ ከዛሬ በፊት እዚህ መጥቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ዛሬስ ማን አመጣኝ?»

ኤርሚ ዘይኑዲንን አየው። ከዚያ ገዢውን ያመጣው በሚለው ቦታ ስሙን ጻፈ።

ከቢሮው ስንወጣ እማዬ ወደ ጊዮርጊስ ዞራ ተሳለመች።

«ከነገ ጀምሮ» አለኝ ዘይኑዲን፣ «በቀጥታው መንገድ ሂጂ። ጫማሽም አለቀ።»