የአቡ ጊያስ ረጅም መልስ

የወንድሜን ልጅ ሙታሲምን ያሳደግሁት እኔ አክስቱ ዊሳል ነኝ። እናቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ፤ ወንድሜ ነዋፍም ባለፈው ክረምት አደራ ብሎኝ አረፈ። ስለዚህ ልጁ ላግባ ባለ ጊዜ ነገሩ እኔው ጫንቃ ላይ ወደቀ። የፈለጋት ልጅ ሉጀይን ትባላለች፤ ኢርቢድ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። አባቷ አቡ ጊያስም ባዕድ አይደለም፤ ከነዋፍ ጋር በወታደርነት ዘመናቸው አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ያደሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ሳልት ከተማ ነን፣ እነሱ አጅሉን ተራራ ላይ። ለእናቷ ደውዬ እንደ ወጉ ጠየቅኩ፤ አባቷን ላማክር አለችኝ።

መልሱ ከቀናት በኋላ በሙታሲም ዋትስአፕ መጣ። አቡ ጊያስ ጽፎ ጽፎ ጽፎ! በጣትህ ብትገፋው ብትገፋው አያልቅም። ሙታሲም አማን ውስጥ ኢንሹራንስ ቢሮ ነው የሚሠራው። እዚያ ረጃጅም ውሎችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጠውና አሳጥሮ ይመልስለታል። የሰውየውንም መልስ እንደ ውል ቆጥሮ እዚያው ከተተው። ክፉ ነገር ካለው ቶሎ ይለፍልኝ ብሎ ነው፣ ልቡን አውቀዋለሁ።

ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ስልኩን አሳየኝ። ማሽኑ ያወጣለት ይህን ነበር፦ «ላኪው በሟቹ ቤተሰብ ቅር ተሰኝቷል። መርዶ በወቅቱ አልደረሰውም። ቤተሰቡ እንደሚያከብረው ይጠራጠራል። ለጋብቻው ጥያቄ ፈቃዱን አልሰጠም።»

በቃ እምቢ ብለዋል አለኝ። ኩዌት ሥራ አግኝቶ መልሱን እየጠበቁት ነበር፤ እሱን እቀበላለሁ፣ ከዚህ አገር እሄዳለሁ አለ። ለአቡ ጊያስም ስንብት አዘጋጅቷል፤ እሱንም የጻፈለት ያው ማሽን ነው። ዕጣ ክፍላችን አይደለም፣ እናመሰግናለን ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ቃል አንዴ ከወጣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ደግሞ የሚያነሳ ሰው የለም። ጣቱ መላኪያው ላይ ነበር።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁን የማይሰጥ ሰው ያንኑ ዕጣ ክፍል አይደለም የምትለዋን ጽፎ በአንድ መስመር ይገላገላል። ይሄ ሰውዬ ያን ሁሉ መጻፍ ምን አደከመው? ስልኩን ወዲህ በለው አልኩት። ራስሽን ያምሻል አለኝ። ራሱ የእኔ፣ ምን አገባህ ብዬ ቀማሁትና መነጽሬን አደረግሁ።

መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ለነዋፍ ነፍስ ጸሎት፣ ከዚያ የእኔ ጉልበት። ጉልበቷ እንዴት ነው፣ አሁንም ደረጃ ያስቸግራታል ወይ ይላል። እኔ እንኳ ለማን እንደነገርኩ ረስቼዋለሁ። ማሽኑ ጉልበቴን ውጦታል። ከዚያ ወቀሳው መጣ።

«ነዋፍ መሞቱን ሐዘን ከተነሣ በኋላ ገበያ ላይ ሰማሁ። ፌስቡክ ላይ አውጥተናል ትሉኛላችሁ፤ እኔ ፌስቡክ የለኝም። ቃሬዛውን ከፊት በኩል ልይዝለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።»

እውነቱን ነው፣ ለማንም አልደወልንም፤ ጥድፊያው በልቶን ነው። ማሽኑ መርዶ በወቅቱ አልደረሰውም ያለው ይህንን ነው። አልዋሸም። ቢሆንም ቱግ አልኩ፤ ሰው እንዲህ ተቃጥሎ የጻፈው ነገር እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ?

ደግሞ ገረመኝ፤ ይህ ማሽን ምኑን ይዞ ምኑን ነው የሚጥለው? እስቲ ጠይቀው አልኩት ሙታሲምን። ሰውየው እንድንመጣ ይፈልጋል ወይ? ጽሑፉ ይህን አይገልጽም አለ ማሽኑ። ተቆጥቷል ወይ? አዎ አለ። ለምን ይህን ያህል አስረዘመው? ከጉዳዩ ጋር የማይያያዙ ብዙ ነገሮች ስላሉበት ነው አለ። ነገሩ ጣፈጠኝ። የማይያያዙትን ዘርዝር በለው አልኩ። ዘረዘረ፦ የጉልበት ሕመም፣ የወይራ ምርት፣ የጦር ሰፈር ትዝታ፣ የመንገድ ቁፋሮ።

የምን መንገድ? እዚያ ገና አልደረስኩም ነበር። ስልኩን መልሼ ወስጄ ወደ መጨረሻው ገፋሁት።

«የታችኛው መንገድ ከዝናቡ ወዲህ ተቆፍሯል፣ መኪና አያሳልፍም። በወፍጮው በኩል ያለው የላይኛው ይሻላል።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ ጅል፣ አትምጡብኝ የሚል ሰው መንገድ ሲያሳይ አይተህ ታውቃለህ?»

ሙታሲም መስመሯን ደጋግሞ አነበባት፤ ከዚያ ስንብቱን አጠፋው። የቀረውንም አንብበው አልኩት። እሺ አለ፣ ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ሳያነበው ቀረ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ኪናፋ የሚባለውን የአይብ ጣፋጭ ይዘን በላይኛው መንገድ ወጣን። አቡ ጊያስ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ከሰላምታው በፊት በየት መጣችሁ አለን። በወፍጮው በኩል አለ ሙታሲም።

«እንግዲያው እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል» አለ አቡ ጊያስ። ፊቱ ሊፈታ ሲጀምር አየሁት።

ዝም ቢል እኮ አልቆ ነበር! ልጄ ግን እንደ አባቱ ነው፣ ውሸት አይዋጥለትም።

«አላነበብኩትም፣ አባባ። ማሽን አሳጠረልኝ። ያነበበችው አክስቴ ናት።»

ክው አልኩ። አቡ ጊያስ ጀርባውን ሰጠን። ኪናፋችንን ይዘን ልንመለስ ነው ብዬ መኪናውን በዓይኔ ፈለግሁ። እሱ ግን ወይራው ሥር ወንበር ጎተተ።

«ቁጭ በል። ስልክህን አውጣና አሁን ለእኔ አንብብልኝ። አንዲት ቃል እንዳትዘል።»

ሙታሲም ጀመረ። ሉጀይን የሻይ ትሪ ይዛ ስትወጣ ንባቡን ሰምታ ደፉ ላይ ቀረች። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አቡ ጊያስ ወደ እኔ ዞሮ እንዴት ነው አለኝ፤ ደህና ነው አልኩ። ቃሬዛው ጋ ሲደርስ የልጁ ድምፅ ተሰበረ። በቀብሩ ቀን ሰው ሲቀበልና ሲሸኝ ውሎ አንዲት እንባ አላወጣም ነበር፤ አሁን እንደ ሕፃን አለቀሰ። አቡ ጊያስም ዓይኑን በሻሹ ጫፍ ጠረገ፣ ግን ይብቃህ አላለውም። ልጁ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ፤ የጦር ሰፈሩን፣ የወይራውን ምርት፣ ሁሉንም። በመጨረሻ የታችኛው መንገድ ብሎ ሲጀምር አቡ ጊያስ እጁን የልጁ ጉልበት ላይ አኖረ።

«እሱን ዝለለው፣ አንተማ ደርሰሃል። ሽማግሌዎችህ ሲመጡ ግን ንገራቸው።»