ከውስጥ ወደ ጎን

ሲላስ መስታወት የሚያጥብበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለችው ላቫጆ ስድስት ዓመት መኪና ሲያጥብ ያን ሥርዓት ያፈረሰው አንድ ማለዳ ብቻ ነው።

መስታወት በፀሐይ አይታጠብም፤ ውሃው ሳይጠረግ ይደርቅና ነጭ ካርታ ጥሎ ይሄዳል። መጀመሪያ አቧራው በብዙ ውሃ ይወርዳል፤ አቧራ ላይ ጨርቅ ያሳረፈ መስታወት ጫረ ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ሳሙና፣ ከዚያ ሳሙናው እስኪረሳ ድረስ ንጹሕ ውሃ። የመስታወት ጨርቅ ለብቻው ይሰቀላል፤ ገላ፣ ጎማ ወይም ዳሽቦርድ የነካ ጨርቅ መስታወት አይነካም። መጨረሻ ላይ ደረቅ ጋዜጣ። አጠራረጉ ደግሞ ሲላስ ራሱ ያወጣው ነበር፤ መስታወቱን ከውጭ ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ ጎን ይጠርጋል። ለምን ሲሉት፣ «መስመር ከቀረ በየት በኩል እንደቀረ ራሱ ይናገራል» ይላል። ቁልቁል የወረደ መስመር የውጭ ነው፣ አግድም የሄደው የውስጥ።

አብሳሎም የሚባለው የሥራ ጓደኛው በዚህ ይስቅበታል።

«አንተ ሰውዬ መስታወት ታጥባለህ ወይስ ታስታምማለህ? እኔ ሦስት መኪና ስሸኝ አንተ ካንዱ ጋር ፍቅር ይዞሃል።»

ሲላስ ጋዜጣውን አጣጥፎ መጥረጉን ይቀጥላል። ከዱራሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያደርሰው ቀርቶ፣ ጅማ ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ የመጣ ሰው ነው። በከተማው ዘመድ የለውም። ቤተክርስቲያን ከኋላ ይቀመጣል፣ መዝሙሩን በከንፈሩ ብቻ ይዘምራል። አንድ ደስታ ግን ነበረችው። መኪናውን ሲጨርስ ባለቤቱ እስኪመጣ ከኋላ ወንበር ገብቶ ይቀመጥና ባጠበው መስታወት ወደ ውጭ ያያል። ባጃጁ፣ የሱቁ ቆርቆሮ፣ ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ ሁሉም ገና አሁን የተፈጠረ ይመስለዋል። በባዶ ዓይኑ ሲያየው እንዲህ ሆኖለት አያውቅም።

ያ ማለዳ ጥቅምት ውስጥ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የጠራበት፣ ቡናው መቅላት የጀመረበት ወር። ከጅማ ሰቃ የሚጭነው ሾፌር ቱሉ፣ ሚኒባሱን ጎህ ሳይቀድ ይዞ መጣ። አርባ አምስት ዓመት የሆነው፣ ቀልደኛ፣ ሲላስን «ሲሉ» እያለ የሚያቆላምጥ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሲላስ በቀር መኪናውን በማንም አስጠርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ቶሎ በል ሲሉ፣ ተራዬን ሊበሉኝ ነው። ዛሬ እንደ አብሳሎም ሁን።»

ሲላስ ተቻኮለ። ገላውን አጠበ፣ መስታወቱን ከውጭ ጠረገ፣ ገብቶ ዳሽቦርዱን በሚያብለጨልጨው ቅባት አሸው። የፊቱን መስታወት ከውስጥ ሊያደርቅ ሲነሣ የመስታወቱ ጨርቅ የሌሊቱን ጤዛ ጠጥቶ ርሷል። ጋዜጣም አልቋል። ቱሉ ከደጅ ቁልፉን ያንቃጭላል። ሲላስ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ፤ አሁን ዳሽቦርድ ያሸበት ነው። «አንድ ቀን» አለ በልቡ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገበት። በጎህ ብርሃን መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ቅባት በጥላ ውስጥ አይታይም። ሲመለስ አስተካክልለታለሁ ብሎ ወረደ።

«ይኸው ነው መስታወት» አለ ቱሉ፤ በደንብ እንኳ ሳያየው ሄደ።

ሦስት ሰዓት ላይ አብሳሎም ስልክ አነሣ፤ ሲያዳምጥ ቆየና የውሃ ቱቦውን ዘጋው።

«ቱሉ ሰው ገጨ» አለ። «ከሰቃ ሲመለስ። ልጁ ሞቷል።»

ሟቹ ፋሂም ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጅማ ኮሌጅ ይማራል፤ ቤተሰቦቹ ጋ ሰንብቶ ወደ ትምህርቱ ሊመለስ ከአባቱ የቡና ማሳ ሥር፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። ሚኒባሱን ሲያይ እጁን አነሣ። ሾፌሩ ያየው መስሎት አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ አወረደ። ቱሉ አልቆመም።

የሰው አፍ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ሲቅም አድሮ ነው ያለ አለ። ስልክ እያወራ ነው ያለም አለ። የልጁ አባት አባ ፊጣ ግን የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያ አገር ነፍስ ሲጠፋ የሟችና የገዳይ ወገን በሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ፤ እውነቱ ይነገራል፣ ከዚያ እርቅ ይወርዳል። ይህን ጉማ ይሉታል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ለጉማ ለመኗቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ መለሷቸው።

«ልጄ እጁን አንስቷል» አሉ። «ማሳ ውስጥ የነበሩ ሦስት ሰዎች እጁን አይተዋል። ሦስት ሰው ከጎን ያየውን እጅ ሊጭነው የሚመጣ ሰው ከፊት እንዴት ያጣዋል? ፀሐይ ነው ይላችኋል። ፀሐይ ከዚያ በፊትም ወጥታለች። ከዚያ በፊት የመጣው መኪና ሁሉ ቆሞለታል። አይቶ ነው የገደለብኝ ወይስ ሳያይ? ይህን ሳላውቅ አልቀመጥም።»

በዋስ የተፈታው ቱሉ በስድስተኛው ሳምንት በእግሩ ወደ ላቫጆው መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ሲላስ ያን ያህል ጊዜ እንቅልፍ አልነበረውም። ባልዲውን ገልብጦ መቀመጫ ሰጠው።

«ጋሽ ቱሉ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«አለሁ። መኖር ከተባለ።»

 ሲላስ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቱሉ ቀደመው።

«አግድም ነበር፣ ሲሉ።»

የሲላስ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ።

«ቁልቁለቱን ጨርሼ ስታጠፍ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ወጣች። መስታወቱ በአንዴ ወተት ሆነ። ወተቱ ውስጥ መስመር አለ፤ አግድም፣ አግድም። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።»

«ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ምን ልበል? መኪናዬን ያጠበው ልጅ ነው ልበል? መሪውን የያዝኩት እኔ። ሳይታየኝ ፍሬን መያዝ ነበረብኝ፤ መንገዱ ባዶ መስሎኝ ነዳሁ። ይሄ የኔ ነው፣ እቀጣበታለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። አይተኸው ነው የገደልከው ይሉኛል፤ እሱን አልቻልኩትም።»

«እኔ ሄጄ ልንገራቸው።»

ቱሉ ብድግ አለ። «አንተ? አንተ ማን አለህ? እኔ ጉማ ላይ ስቀመጥ ከኋላዬ ወንድም አለ፣ ጎሳ አለ። አንተ ስትቀመጥ ከኋላህ ማን ይቀመጣል? ነገ የልጁ ወንድሞች ጊንጆ ቢመጡብህ ማን ይቆምልሃል? ዝም በል፣ አቦ። ዝም ብለህ እጠብ።»

እንዳለው ዝም ብሎ አጠበ። ጨርቆቹን በየቀለማቸው ለየ፤ አራት ሆኑ፣ አምስት ሆኑ። አንዱን መስታወት ሦስቴ ያጥበዋል። አብሳሎም እንኳ መቀለዱን ተወ። ከኋላ ወንበር ገብቶ መቀመጡም ቀረ። ቤተክርስቲያን ምስክርነት ያለው ይነሣ ሲባል አይነሣም። ቱሉ በመጣ በአሥራ አራተኛው ቀን ሥራ አስፈቅዶ የሰቃን መኪና ተሳፈረ።

አባ ፊጣን ያገኛቸው ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመው ነው። የተዘረጋውን ቀይ ቡና በመዳፋቸው እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ። ሲላስ ባለችው ኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ።

«አከም ቡልተን፣ አባ ፊጣ።»

«ነጋ፣ በሰላም ነው። ኮቱ፣ ና ቅረብ። ማን ነህ?»

«ሲላስ እባላለሁ። ጅማ መኪና አጣቢ ነኝ። የጋሽ ቱሉን መስታወት ያን ዕለት ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጤዛውን፣ ያለቀውን ጋዜጣ፣ የቅባቱን ጨርቅ፣ «አንድ ቀን» ያለበትን። ሽማግሌው እጃቸውን ከቡናው አላወጡም። ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ አንዲት ፍሬ ይዘው አገላበጡ።

«ጠሉኝ እንዳትል ልጄ፣ አልገባኝም» አሉ። «ብርጭቆም ታጥቦ መስመር ይቀርበታል። ውስጡ ያለው ውሃ ግን ይታየናል። መስመር እንዴት አድርጎ ሰው ይሸፍናል? ወይስ ቱሉ ነው ልኮ ያስባለህ?»

«ጋሽ ቱሉ እንዳልመጣ ነው ያሉኝ።»

«እንግዲያው አሳየኝ። መኪናውን አምጣው። በዚያች ቦታ፣ በዚያች ሰዓት። ያን ዕለት እንዳደረግከው አድርግልኝ።»

መኪናው ከፖሊስ ግቢ ከወጣ ቆይቷል። በሦስተኛው ቀን ንጋት የቱሉ ወንድም ሰብስቤ እየነዳው መጡ። ጉማ ሳይወርድ ገዳይ ከሟች ወገን ፊት አይቆምምና ቱሉ ራቅ ብሎ መታጠፊያው ዳር ጋቢውን ተከናንቦ ቀረ። ሰብስቤ ሚኒባሱን አባ ፊጣ ባሳዩት ቦታ፣ ፊቱን ወደ ጅማ አድርጎ አቆመ። የፊት መብራቱ አሁንም ስባሪ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ከመንገዱ ዳር ቆመዋል፤ ማንም አይነጋገርም።

ሲላስ ሁለት ጨርቅ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ከተሳፋሪው በኩል ያለውን የመስታወቱን ግማሽ እንደ ሥርዓቱ አጥቦ በጋዜጣ አደረቀው። ከዚያ ዳሽቦርዱን በቅባት አሸ፤ በዚያው ጨርቅ የሾፌሩን በኩል ግማሽ ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገው።  ሲጨርስ መስታወቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነው፤ ማንም አይቶ አይለየውም።

አባ ፊጣ ተደግፈው የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጡ። መሪውን አልነኩም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እዚያ ሂድና ቁም» አሉት ሲላስን። «ከባሕር ዛፉ ሥር። እጅህን አንሣ።»

ሲላስ ሄደ። ልጁ የቆመበት ቦታ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። አጠገቡ ቆሞ እጁን አነሣ። ከጀርባው ብርሃኑ እየጨመረ መጣ፤ በመጀመሪያ ጆሮውን፣ ከዚያ ማጅራቱን አሞቀው። ጥላው በአስፋልቱ ላይ ረዝሞ ወደ መኪናው ሄደ። መስታወቱ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ከውስጥ ማን እንዳለ አይታየውም። የሚያየው ነጸብራቅ ብቻ ነው። ክንዱ ዛለ። እንዳያወርደው በሌላው እጁ ደገፈው። ፋሂም እጁን ያነሣው ለስንት ጊዜ ነበር? አምስት ቆጥሮ እንኳ አልጨረሰም ይሆናል።

ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ቅጠል በላይ ስትወጣ የመኪናው በር ተከፈተ። አባ ፊጣ አልወረዱም፤ በተከፈተው በር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ተናገሩ። ሲላስ እየቀረበ ሰማቸው።

«በዚህኛው በኩል ሳይ ሰው አለ። እጁም አለ፣ ጣቱም ይቆጠራል» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ሾፌሩ በኩል አዘነበሉ። «በዚህ ሳይ የለም። ዛፉም የለም። መንገዱም የለም። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የለም።»

«እንግዲህ አባ ፊጣ…» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አላየውም። ሄዳችሁ ንገሩት። አላየኸውም ብሏል አባቱ በሉት።»

ሰብስቤ ፊቱን አዙሮ ወደ መታጠፊያው ሄደ። ቱሉ ሲነገረው ከሩቅ ታየ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ።

ያው ሽማግሌ ሲላስን አየው። «ይሄስ ሰው? ጉማው ላይ እሱም ሊቀመጥ ይገባዋል። በማን በኩል ነህ፣ ልጅ?»

ሲላስ ስለ ዱራሜ፣ ስለ እናቱ ሊናገር ፈለገ። «ማንም የለኝም» አለ።

ሰብስቤ ተመልሶ መጥቶ ነበር። «በእኛ በኩል ይቀመጣል» አለ፤ ሲላስን ግን አላየውም፣ ድምፁም ደረቅ ነው።

 ሰው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ሲቀመጥ አባ ፊጣ ከሾፌሩ ወንበር አልተነሡም። መስታወቱን በጣታቸው አመለከቱ።

«አሁን ቅባቱን አንሣው» አሉ። «እንደሚሆነው አድርገህ።»

ሲላስ ገባ። ቅባቱን በሳሙና ውሃ ፈታው፣ በንጹሕ ውሃ አለፈበት፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀ፣ በጋዜጣ ጨረሰ። ከውስጥ ወደ ጎን። ባሕር ዛፉ ወጣ፣ መንገዱ ወጣ፣ የተደረደረው ድንጋይ ወጣ። ሁሉም አሁን የተፈጠረ ይመስላል፤ ከድንጋዩ አጠገብ ማንም የለም።

«ገና ነው» አሉ አባ ፊጣ።

ሲላስ ጋዜጣ ቀይሮ እንደገና ጠረገ።

«ገና ነው። መስመር አለው። ይደበዝዝብኛል።»

ሲላስ ጎንበስ ብሎ ከጎን አየው፣ ከሥር አየው። መስመር የለውም። ወደ አባ ፊጣ ፊት ዞረ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ መስታወቱ ተመለሰ። ደረቅ ጋዜጣ አጣጥፎ ከግራ ጀመረ።